ስብሰባው የተጠራው ለምክር ነው ወይስ ለጭብጨባ?

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ወረዳ ተልኬ ነበር። የወረዳውን ስም አልጽፍም፤ እርሱን የመሰለ ብዙ ነውና። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ስለሚመጣው ዓመት ዕቅድ እንዲመክር ተጠራና ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ሆንሁ። ሰዉ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። አንዲት እናት ተነሥተው፣ ምንጩ ከደረቀ ወዲህ ልጃገረዶቹ ውሃ ፍለጋ ሲንከራተቱ ትምህርቱ እያመለጣቸው መሆኑን ተናገሩ። ከርሳቸው በኋላ የተነሡት አራት ሰዎች ይህንኑ ደገሙ። ከወረዳ የመጣው ሹም ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጠ፤ ከዚያም ከቦርሳው የተተየበ ወረቀት አወጣና የዓመቱ ቀዳሚ ሥራ የመሰብሰቢያ አዳራሽ መሆኑን አነበበ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም «ኅብረተሰቡ በሰፊው ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ተስማማ» ብዬ ጻፍሁ። የእጅ ጽሕፈቱ የኔ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ይህን የማነሣው ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን እንደዚህ ያለ ቃለ ጉባኤ ያልጻፈ ስንት ነው? «አሳታፊ ዕቅድ ምንድን ነው?» ተብሎ በፈተና ሲጠየቅ ግን ሁላችንም አሳምረን እንመልሳለን።

ሕግ ጎደለ እንዳይባል ሕጉ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ ፓርላማው እንቢ ስላለው መና ቀርቶ ነበር፤ የዛሬው ሕግ ግን ጸድቋል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም ወረዳዎች ከክልል በጥቅል የሚላክ ድጎማ ማግኘት ጀምረዋል። እንግዲህ የጎደለው ምንድን ነው?

እንደኔ እንደኔ የጎደለው አንድ ቁጥር ነው። ለዚያ ቀበሌ ሥራ ስንት ብር እንዳለ ለሕዝቡ አልተነገረም። ገበያ የምትወጣ እናት በመቀነቷ የቋጠረችውን ታውቃለችና ጨው ትገዛለች፣ ዘይቱን ለሚመጣው ሳምንት ታቆያለች። መቀነቱን ሌላ ሰው ይዞባት «ምረጪ» ቢላት ግን ምርጫ ሳይሆን ልመና ይሆንባታል። ገንዘቡ ያልተነገረው ሕዝብ ውሃም መንገድም ክሊኒክም ትምህርት ቤትም ይጠይቃል፤ ባለሥልጣኑም በተራው «ሕዝቡ ሁሉንም ነው የሚፈልገው፣ ቅድሚያ መስጠት አያውቅም» ይላል። አላዋቂነቱን የፈጠረው ማን ሆነና!

በእርግጥ ከወረዳው ገንዘብ አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል፣ ለሥራ የሚተርፈውም ጥቂት እንደ ሆነ አውቃለሁ። ይህን ለመደበቂያ ምክንያት አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ግን አንዱን ሥራ ከሌላው ማስቀደሙ ይልቁን የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው፤ ብዙ ቢሆንማ ሁሉንም መሥራት በተቻለ ነበር።

«ገበሬው የምሕንድስና ነገር ምን ያውቃል?» የሚለውንም ክርክር በዚሁ ግቢ፣ ያውም ከመምህራን አፍ ሰምቻለሁ። ለዚህ የሕንድን የኬራላ ግዛት እጠቅሳለሁ። በ1988 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996፣ ከግዛቲቱ የልማት ዕቅድ ገንዘብ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ለአካባቢ ምክር ቤቶች እንዲሰጥ ተወስኖ የሕዝብ ዕቅድ ዘመቻ ተጀመረ። የእያንዳንዱ ምክር ቤት ድርሻ በበጀት ሰነድ ላይ ታትሞ ወጣ። ሕዝቡ በመንደር ጉባኤ ተሰብስቦ በየጉዳዩ በቡድን እየተከፋፈለ መከረ፤ ተወካዮቹ የመንደሩን ችግር የሚዘረዝር ጽሑፍ ይዘው በሴሚናር ተከራከሩ፤ ከዚያም የሥራ ቡድኖች ፕሮጀክቶቹን ነደፉ። የምሕንድስናው ዕውቀት ሲጎድል ጡረታ የወጡ መሐንዲሶችና ሌሎች ባለሙያዎች በፈቃደኝነት ተደራጅተው ንድፎቹን መረመሩ። ምሁሩ በዚያ የተጠራው ሕዝቡ የመረጠውን እንዲሠራ ለማገዝ ነበር፤ በሕዝቡ ፈንታ እንዲመርጥ አልነበረም። ኬራላ ገነት አይደለችም፤ ውሎ አድሮ ወደ ጉባኤው የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄዷል፣ የፓርቲ ሽኩቻም ገብቶበታል። ቢሆንም እዚያ የተሰበሰበው ሰው የሚመክርበትን ገንዘብ ያውቅ ነበር።

አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ታዲያ አንተ ምን ልታደርግ ትችል ነበር? የተላክኸው ልትማር ነው፤ ብትናገር ነጥብህን ያበላሹብሃል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዝም ያልሁትም ስለ ነጥቤ ነው። ከኔ ነጥብና ከእነዚያ ልጃገረዶች ትምህርት የቱ እንደሚበልጥ በዚያን ዕለት ሳልመዝን ቀርቼ ሳይሆን መዝኜ ነበር።

ስለዚህ ለሚመጣው ክረምት ለምትላኩ ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የተማሪዎች ማኅበራችንም በጉባኤ እንዲመክርበት እጠይቃለሁ። ቃለ ጉባኤ ያዥ የሆነ ሁሉ ብዕሩን ሳያነሣ «የተመደበው ገንዘብ ስንት ነው?» ብሎ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ይጠይቅ። ከተነገረው በመጀመሪያው መሥመር ላይ ያስፍር፤ ካልተነገረውም «ገንዘቡ አልተነገረም» ብሎ ይጻፍ። ማን ምን ቀዳሚ ይሁን እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደ ደገፈውም ይመዝግብ። መምህሮቻችን ደግሞ የልምምዱን ሪፖርት ሲያርሙ «በሙሉ ድምፅ» የሚል ቃል ባገኙ ቁጥር የድምፁን ቆጠራ ይጠይቁን። ከኔ ሪፖርት ይጀምሩ፤ ዛሬም በትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፣ ከመቶ 88 ተሰጥቶበታል።