ከቀለሙ በፊት ወለሉ
እንጅባራ ውስጥ በአንድ ግቢ የምትታደስ ቮልስ ካየሁ ወዲህ አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል፤ ገላዋ ቀይ ተቀብቶ ያበራል፣ ሰፋፊ ቸርኬ ተገጥሞላታል፣ የኋላ ወንበሯ ሲነሳ ግን በተበሳው ወለል በኩል መሬቱ ይታያል። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያው ወንበር ሥር ነው። አሲዱ ይንጠባጠባል፣ የአዊ ደጋ የክረምት እርጥበት ይጨመርበታል፣ ላሜራው ማንም ሳያየው ተበልቶ ያልቃል። አሮጌ መኪናን አሻሽሎ መሥራትን አልቃወምም። የድሮዎቹን የ6 ቮልት መስመር ወደ 12 ማሳደግ መብራቱን ያደምቃል፣ ሞተሩንም ቶሎ ያስነሳል፤ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ባለች ከተማ፣ አየሩ ስስ ነውና፣ ካርቡራተሩ የሚሰጠውን ቤንዚን መቀነስም ብልህነት ነው። ወለሉ በስብሶ ሳለ ለቸርኬ ገንዘብ ማፍሰስ ግን ጥፋት ነው እላለሁ፤ ወንበሩም ገላውም የታሰሩት ከዚያ ወለል ጋር ነውና፣ አደጋ ላይ የሚወድቀው የተሳፋሪው ሕይወት ነው። ቮልስ በቤታችሁ የምታድሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ባትሪውን አውጡና ሥሩን በመዶሻ ነካ ነካ አድርጉት፤ ላሜራው ከላላ ባትላሜራ ጥሩ፣ ቀለሙ ይቆይ።