ከስክሪኑ በፊት ተረኛ ሐኪም

አፍደም ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያለች የሶማሌ ክልል የሲቲ ዞን ከተማ ናት። የክልሏ ዋና ከተማ ጅግጅጋ ደግሞ ከድሬዳዋ ወዲያ፣ ከሐረርም አልፎ ነው። ካራማራ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው ሼህ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል የሚገኙት እዚያ ነው። ሪፈር የተጻፈለት የአፍደም ታማሚ ጅግጅጋ ለመድረስ ድሬዳዋን አልፎ መሄድ አለበት።

የርቀት ሕክምና ለእንዲህ ያለች ከተማ ቅንጦት አይደለም። ለአገሪቱም አዲስ ነገር አይደለም። የያኔው የሕንድ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም ባመነጩት የፓን አፍሪካ ኔትወርክ የሙከራ ሥራ ጥቁር አንበሳና ነቀምቴ ሆስፒታሎች ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር የተገናኙት በ1999 ዓ.ም. ነበር። ዛሬም ግን ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ስፔሻሊስት የሚያደርሰው የተለመደው መንገድ የሪፈር ወረቀት ነው። መሣሪያ መግዛትና መስመር መዘርጋት ብቻውን ሥራውን በእግሩ አያቆመውም። መዘጋጀት ያለበት ተቋሙ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የተረኛ ሐኪም ፕሮግራም ነው። ከአፍደም ለሚደወል ስልክ ማን፣ በስንት ሰዓት መልስ ይሰጣል? ስፔሻሊስቱ በስልክ የሚያማክርበት ሰዓት እንደ መደበኛ ሥራ ካልተቆጠረለት፣ ወረፋ የያዘ ታማሚ በሩ ላይ እያለ ስልኩን አያነሳም።

ሁለተኛው ስምምነት ነው። ከጅግጅጋ ይልቅ ለአፍደም የሚቀርበው የድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታል የሌላ አስተዳደር ተቋም ነው። የሶማሌ ክልል ጤና ቢሮና የድሬዳዋ አስተዳደር ኃላፊነቱንና ወጪውን በጽሑፍ ካልተካፈሉ፣ ምክክሩ በግል ትውውቅ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል።

ቋንቋም አለ። ታማሚዋ ሶማሊኛ ብቻ የምትናገር ከሆነ፣ ሐኪሙም ሶማሊኛ ካልቻለ፣ በመካከል የሚያስተረጉመው የጤና ባለሙያ ሥልጠና ያስፈልገዋል። ፎቶዋና የምርመራ ውጤቷ በማንም ስልክ ላይ እንዳይቀርም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግዴታ ይጥላል።

መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥስ? የቆዳ ሕመም ፎቶ፣ የራጅ ወይም የልብ ምርመራ ውጤት የግድ በቀጥታ ቪዲዮ መታየት የለበትም፤ ተቀምጦ ኔትወርክ ሲመጣ ሊላክ ይችላል። ከአርብቶ አደሩ ጋር የሚንቀሳቀሱት የክልሉ ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድኖችም በዚህ መንገድ ሊጠቀሙ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. መመሪያው የርቀት ሕክምና የተለመደውን አገልግሎት እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካ አልመከረም። ደም የሚፈሳት ወላድ አምቡላንስና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። የስልኩ ጥቅም አዋላጅ ነርሷ ከመንገዱ በፊት ምን ማድረግ እንዳለባት ማሳወቅና ተቀባዩ ሆስፒታል ደም አዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ አስተዳደሮች በአንድ ጤና ጣቢያና በአንድ ሆስፒታል፣ ከእናቶች ሕክምና ይጀምሩ። መልስ ለማግኘት የፈጀውን ጊዜ፣ ያስቀሩትን አላስፈላጊ ጉዞና በሰዓቱ የደረሱትን እናቶች ይመዝግቡ፤ ወደ ሌሎች ከተሞች ለማስፋት የሚወስኑትም በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ይሁን።