የሱሪያችን ጫፍና የብር ምንዛሪ

ሰሞኑን አንድ የማውቃቸው ልብስ ሰፊ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር፡፡ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሱቃቸው አብሮ ስለፈረሰ፣ አሁን የሚሠሩት አራት ኪሎ አካባቢ ካለ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው፡፡ ይዤላቸው የሄድኩት ከሰባት ዓመት በፊት የገዛሁትን ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ሱሪ ነው፡፡ ገልብጠው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ተቆርጧል፤ የቀረው ሁለት ጣት ብቻ ነው» አሉኝ፡፡

እውነታቸውን ነው፡፡ ሱሪውን በገዛሁበት ጊዜ ወንዱ ሁሉ ጠበብ ያለና ቁርጭምጭሚት የሚያሳይ ሱሪ ይለብስ ነበር፡፡ እኔም አንድ ልብስ ማስተካከያ ቤት ወሰድኩት፡፡ ልጁ አሳጠረው፣ የተረፈውን ጨርቅ በመቀስ ቆርጦ ጣለው፣ ጫፉን ዘምዝሞ በማሽን ሰፋው፡፡ ያኔ ጥሩ ሥራ መስሎኝ ነበር፡፡ አሁን ጫማ ላይ የሚያርፈው ሰፊ ሱሪ ሲመለስ የእኔው ከቁርጭምጭሚት በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፡፡ ለነገሩ ፋሽኑ ባይለወጥም፣ ስብሰባ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ወደ ባቴ እየሸሸ ሲያሳፍረኝ ቆይቷል፡፡

ይህን የግል ጉዳይ ጋዜጣ ላይ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፡፡ ከውጭ የሚገባ ሙሉ ልብስ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ደመወዝተኛ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ሰልባጁ ከገበያ አልጠፋም፤ ግን እሱም በሌላ ሰው እግር ልክ ተቆርጦ የመጣ ነው፡፡ የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ እንኳ ሲገነባ ዓላማው ኤክስፖርት እንጂ የእኛን እግር መለካት አልነበረም፡፡ ስለዚህ ያለንን ሱሪ ማቆየት ግድ ሆኗል፡፡ ዕድሜውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ ጫፉ ውስጥ ታጥፎ የሚቀረው ጨርቅ ነው፡፡

የሱሪ ጫፍ የኢኮኖሚ ጉዳይ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም፡፡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ መንግሥት ጨርቅ ለመቆጠብ ሲል እ.ኤ.አ. በ1942 የወንዶች ሱሪ ጫፍ ወደ ውጭ ተቀልብሶ እንዳይሰፋ ከልክሎ ነበር፡፡ ሕዝቡ ብዙ ነገር ችሎ ይህችን ግን አልቻለም፡፡ ረዘም ያለ ሱሪ እየገዛ ቤቱ የሚቀለብስ ሞልቶ ነበር፤ ክልከላውም እ.ኤ.አ. በ1944 ተነሣ፡፡

ያ የተከለከለው ቅልብስ ለእኛ ዘመን ቁጠባ ነው ብል አንባቢ ሊገርመው ይችላል፡፡ አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቅልብስ በየእግሩ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ይፈልጋል፡፡ ያ ጨርቅ ግን አልተጣለም፤ ነገ ቢፈታ ሱሪውን ያስረዝመዋል፡፡ ክብደቱም ሱሪው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል፡፡ እርግጥ አቧራ ይሰበስባል፣ እንደ እኔ ቁመቱ አጠር ያለውንም ሰው ይበልጥ ያሳጥረዋል፡፡ እንዲህ ላለው ሰው ከውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ በእጅ በስውር ስፌት ማስያዝ ይሻላል፡፡

ርዝመቱን በተመለከተ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ስለ ጫማው ብቻ በማሰባቸው ይመስለኛል፡፡ ልኩን የሚወስነው የሱሪው እግር ስፋት ነው፡፡ ጠባብ ሱሪ ጫማ ላይ ማረፍ ስለማይችል ሲረዝም ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ጫማውን ሳይነካ ወይም ነካ ብቻ አድርጎ ቢቆም ይመረጣል፡፡ ሰፊው ደግሞ ረዘም ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ሊሸፍን ይችላል፡፡ ለቢሮ ሰው ጫፉ ጫማውን ነክቶ ከፊት ለፊቱ ትንሽ ሰበር የሚለው መካከለኛ ርዝመት በበኩሌ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ፋሽን ወዲህም ወዲያም ሲል ብዙ አያሳፍርም፡፡ ጥሩ ሰፊ የኋላውን ጫፍ ከፊተኛው በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል፡፡ ከዚያ በላይ ሲወርድ ግን ተረከዝ ይረግጠዋል፣ በክረምት ጭቃ ይጠጣል፡፡ የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድ ሁሉም ሰፈር አልደረሰም፡፡

ሲለኩ የሚያደርጉትን ጫማ ተጫምተው፣ ቀበቶውን በቦታው አስረው፣ ወደ ፊት እያዩ ይቁሙ፡፡ ወደ እግርዎ ጎንበስ ካሉ ልኩ ይሳሳታል፡፡ ሁለቱም እግሮች ይለኩ፤ የብዙዎቻችን እግር እኩል አይደለም፡፡ ጂንስና የጥጥ ሱሪ ከሆነ ሊገባ ስለሚችል ሳይታጠብ አይቆረጥ፡፡

ልብስ ሰፊው የእኔን ሱሪ ይዘው ጥቂት አሰቡ፡፡ የቀረችውን ሁለት ጣት ፈትተው ወደ ታች አውርደው፣ ከውስጥ ሌላ ጨርቅ ቀጥለው ሊይዙልኝ ተስማማን፡፡ የድሮው እጥፋት መስመር በካውያ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ እንደሚችል አስቀድመው ነገሩኝ፡፡

«ቅዳሜ ና» አሉኝ ስወጣ፤ «ደግሞ ይኼን ስኒከር አውልቀህ ከሱሪው ጋር የምታደርገውን ጫማ አድርገህ ና!»