በአንድ ቀን መዋል ማስረጃ ይሆናልን? የጁላይ 4 ግጥምጥሞሽ

ስለ አሜሪካ ታሪክ የሚጻፉ በርካታ ጽሑፎች ጁላይ 4ን ሲያነሡ ክስተቶችን በተርታ ይደረድራሉ። እ.ኤ.አ. በ1776 የነጻነት መግለጫው ጸደቀ፤ በ1826፣ ልክ በ50ኛ ዓመቱ፣ ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን በአንድ ቀን ዐረፉ፤ በ1827 ባርነት በኒው ዮርክ ግዛት በሕግ አከተመ፤ በ1863 የቪክስበርግ ከተማ እጇን ሰጠች። በእኔ አስተያየት ይህ ድርደራ ምንጫቸው የተለያየ ግጥምጥሞሾችን አንድ ያስመስላል።

የመጀመሪያው ዓይነት በሰዎች ውሳኔ የመጣ ነው። የኒው ዮርኩን ቀን አስቀድሞ የቈረጠው በ1817 የወጣ ሕግ ነበር። የቪክስበርግ አዛዥ ጆን ፔምበርተንም ቀኑን የመረጠው የተሻለ የእጅ መስጫ ውል አገኝበታለሁ ብሎ መሆኑን ራሱ ጽፏል። በአንጻሩ የኒው ዮርክ ከተማ ጥቁር ነዋሪዎች በ1827 ሰልፋቸውን ያደረጉት በማግሥቱ፣ ጁላይ 5 ነው፤ ፍሬድሪክ ዳግላስም በ1852 ዝነኛ ንግግሩን ያሰማው በዚሁ ዕለት ነበር። ቀን መምረጥም ሆነ ቀን መሸሽ ታሪካዊ ድርጊት ነው።

ሁለተኛው ንጹሕ አጋጣሚ ነው። የሁለቱ ፕሬዚዳንቶች ሞት በዘመኑ ሰዎች ዘንድ የእግዚአብሔር ምልክት ተደርጎ ተወስዷል። ተመራማሪው ይህን እምነት ሊያጠና ይችላል፤ ከግጥምጥሞሹ ግን ምክንያት ሊያወጣ አይችልም።

ሦስተኛው በትውስታ የተሠራ ነው። ኮንግረሱ ለነጻነት ድምፅ የሰጠው ጁላይ 2 ነው፤ አዳምስም የሚከበረው ያ ቀን እንደሚሆን ለባለቤቱ ጽፎ ነበር። አብዛኞቹ ተወካዮች ሰነዱን የፈረሙትም ኦገስት 2 ነው።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ «አንድ ቀን» የሚባለው በየትኛው አቆጣጠር ነው? ጁላይ 4 ዛሬ ሰኔ 27 ላይ ይውላል። በ1776 ግን የዋለው ሰኔ 29 ቀን 1768 ዓ.ም. ነበር። የጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1800 ፌብሩዋሪ 29ን ስለ ዘለለ፣ የ1826ቱ ጁላይ 4 ሰኔ 28 ቀን 1818 ዓ.ም. ላይ ዋለ። በእኛ ዘመን አቈጣጠር አዳምስና ጄፈርሰን ያረፉት የ50ኛው ዓመት ክብረ በዓል ዋዜማ ነው ማለት ነው፤ የተደነቀው ግጥምጥሞሽ በአንድ ቀን ሳተ።

ነገሩ የአሜሪካ ታሪክ ብቻ አይደለም። የ18ኛውንና የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የውጭ ሰነዶች ዛሬ በምንጠቀምበት ማመሳከሪያ የምንቀይር ተማሪዎች አንድ ወይም ሁለት ቀን እንሳሳታለን። እኔም ይህን ስሕተት ፈጽሜ አርሜያለሁ። ስለዚህ ሁለት ክስተቶችን በቀን ከማቆራኘታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ቀኑን ማን መረጠው? መታሰብ የጀመረው መቼ ነው? በየትኛው አቆጣጠርስ ተቈጠረ?