የቢታ ገነት ቤትና የጥላሸቱ ክርክር

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ መጽሐፉን ያንብብ እንጂ መጋዝና ሙጫ ምን ያደርግለታል የሚል አስተያየት ሰሞኑን ከጓደኞቻችን ዘንድ ደጋግሞ ይሰማል። ሞዴል መሥራት ልደታ ላሉት የሕንፃ ኮሌጅ ተማሪዎች የተተወ ሥራ ነው፤ እናንተ ግን የሕፃን ጨዋታ ይዛችኋል የሚሉንም አሉ። ለባህል ክበቡ ያቀረብነው ሐሳብ ሳይመረመር እንዳይጣል ስለ ሠጋን፥ ነገሩን በዚህ ገጽ ላይ ገልጠን መናገር ግድ ሆኖብናል።

ሐሳባችን አጭር ነው። በምዕራብ ካፋ በቢታ ገነት አካባቢ ከቆሙት የሣር ክዳን ቤቶች አንዱን ለክተን፥ በአንድ ሃያኛ ስኬል በእንጨት ሠርተን፥ ከሠራንም በኋላ እንደ እውነተኛው ቤት አስረጅተን ልናቆመው እንፈልጋለን። የጢሱ፥ የዝናቡና የጭቃው ምልክት ያለበት ቤት ማለታችን ነው። ክርክሩም ሁሉ ያለው ማስረጀት በምትባለው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ማስረጀትን የተማርነው ከመጀመሪያው የሞዴል ሳጥናችን ነው። ከመካከላችን ለአንዱ አጎቱ ከውጭ አገር የላከለት ሲሆን፥ በውስጡ በሰማንያ ሰባተኛ ስኬል የተቆረጡ ስስ ሳንቃዎች፥ የክብሪት እንጨት የሚያህሉ ቋሚዎችና አንድ የመመሪያ ወረቀት ነበሩበት። ሲገጣጠም በባቡር ሐዲድ ዳር የሚቆም የእህል መጋዘን ይሆናል። እኛ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ መስሎን ነበር፤ አምስት ሳምንት ፈጀብን።

ወረቀቱ በመጀመሪያ የሚያዘው መግጠም አይደለም፤ ማቅለም ነው። ሙጫ የነካው እንጨት ቀለም አይጠጣምና፥ እያንዳንዱ ሳንቃ ከመጣበቁ በፊት መቅለም አለበት። ቀለሙም ጥቂት ጠብታ የሥዕል ጥቁር ቀለም በብዙ አልኮል የቀጠነ ነው። ሳንቃው በአንድ ወገን ብቻ ከራሰ ይጣመማል፤ ስለዚህ በሁለቱም ፊት ይቀባና ከባድ ነገር ይጫንበታል። (የፋኩልቲያችን መዛግብተ ቃላት ለዚህ የተመቹ ናቸው።) እንጨቱን በሽቦ ብሩሽ በዕድገቱ መሥመር ሲፋቁት ለስላሳው ክፍል ይጎደጉድና ዘመን ያለፈበት ይመስላል። የብረት ሱፍ በኮምጣጤ ውስጥ ጥቂት ቀን ከቆየ ውሃው እንጨትን አመድማ ያደርጋል። ትቢያና ዝገት ሲፈለግ ባለቀለም ጠመኔ ተፈጭቶ በለስላሳ ብሩሽ ይነሰነሳል። የምስማሩ ቀዳዳ ሳይቀር በመርፌ ጫፍ ይወጋል።

ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው፤ በጥቂት ትዕግሥት ይለመዳል። ነገር ግን ሥራው እየገፋ በሄደ ቁጥር ወረቀቱ ያልመለሰልን ጥያቄ ይመጣብን ጀመር። ዝናቡ ይህን መጋዘን የሚመታው ከየት ወገን ነው? ሠራተኛው በሩን ሲገፋ እጁ የሚያርፈው የት ላይ ነው? እያንዳንዱ እድፍ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ቤቱን ያቆሽሸዋል እንጂ አያስረጀውም። አንድም ቀን ያላየነውን የባዕድ አገር መጋዘን ለማስረጀት ይህን ያህል ከተጨነቅን፥ ስለ ራሳችን ቤት ምን ያህል እናውቃለን አልን። በፋሲካ ዕረፍት ወደ ቢታ ገነት የሄድነው ስለዚህ ነው።

የለካነው ቤት የአንድ ጓደኛችን አያት ቤት ነው። ክብ ሆኖ ስፋቱ ከጫፍ ጫፍ ስምንት ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በእኛ ስኬል አርባ ሳንቲ ሜትር ይወጣዋል። ካፋ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዱ ነው፤ በብዙው ክፍል በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ያ ዝናብ በቤቱ ላይ ጽሕፈቱን ጽፏል። ከጣሪያው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬቱን እየቆፈረ ጭቃውን ወደ ግድግዳው ስለሚረጭ፥ የግድግዳው ግርጌ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሮ ቀበቶ የታጠቀ ይመስላል። ፀሐይ በማያገኘው ወገን ሣሩ ላይ ሽበት አብቅሏል። በውስጥ ደግሞ ከምድጃው በላይ ያለው ወጋግራ በጥላሸት እንደ ቀለጠ ሬንጅ ያብረቀርቃል። ይኸው ጢስ ነው ሣሩንና እንጨቱን ከነቀዝ የሚጠብቀው። የምስማር ቀዳዳ በመርፌ ልንወጋ አንችልም፤ ያየነው ማሰሪያ ሁሉ ሐረግ ነውና።

አሮጊቲቱ ገመዳችንን ሲያዩ፥ «ልጆቼ፥ ይህን ያረጀ ቤት ለክታችሁ ማን ይገዛችኋል?» ብለው ጠየቁን፤ የልጅ ልጃቸው ከካፊኖኖ ተረጐመልን። «እማማ፥ ትንሽ አድርገን ልንሠራው ነው» ብንላቸው ሣቁና፥ «እንግዲያስ ትልቁን ቆርቆሮ አልብሱልኝ» አሉን። እውነታቸውን ነው። የሚያፈስ ሣር በየጊዜው እየቀየሩ ይኑሩ ለማለት መብት የለንም። ሣሩ እየራቀ፥ የሚከድነውም ጎልማሳ እያነሰ ሄዷል። ቆርቆሮው ይምጣ፤ እኛ የምንለው ሳይለካ አይፍረስ ነው።

እንጨት ይበሰብሳል፤ አምሳያው ግን ይቆያል። ለዚህ ከአክሱም ሐውልቶች የበለጠ ምስክር የለም። የተጌጡት ሐውልቶች በድንጋይ የተሠሩ የፎቅ ቤት ሞዴሎች ናቸው ብንል አላበዛንም። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ 33 ሜትር ርዝመትና 13 ፎቅ አለው፤ በ1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. የቆመው ደግሞ 24 ሜትር ያህል ነው። ጠራቢው በሩንና መስኮቱን ብቻ አልቀረጸም፤ የዝንጀሮ ራስ የሚባለውን፥ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚታየውን የሠረገላ ጫፍ አንድ በአንድ ቀርጾታል። የዘመኑ እንጨት ጠፍቶ ከአክሱም ቤቶች በብዛት መሠረቱ ቢቀርም፥ እንጨትና ድንጋዩ እንዴት ተጣምሮ እንደ ቆመ ከሐውልቶቹና እንደ ደብረ ዳሞ ካሉ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት እንማራለን። (ጠራቢው አላስረጀም ይባል ይሆናል፤ እሱን ጊዜ ራሱ አስረጅቶለታል።)

ካፋ ግን እንዲህ ያለ ጠራቢ አላገኘም። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው የካፋ መንግሥት የወደቀው በ1890 ዓ.ም. መባቻ ላይ ነው። ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ቢበር ካፋ ደርሶ ያየውን መጻፍ የጀመረው ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ በመሆኑ፥ የአንድራቻን ቤተ መንግሥት በዘመነ ክብሩ ሊያየው አልቻለም። ዛሬ አምሳያውን እንሥራ ብንል ምሰሶውን በምን ልኬት እንቆርጣለን?

ከሁሉ የከበደብን ተቃውሞ ከአንድ የካፋ ተወላጅ ጓደኛችን የመጣው ነው። «ጥላሸታችንን በመስታወት ሣጥን አድርጋችሁ ልታሳዩ ነው? ይህ ድህነትን ማሳየት ነው» አለን። ቁጣው ይገባናል፤ ብዙ ባዕድ ያሣየን እንዲያ ነውና። ነገር ግን በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን ለብሔር ብሔረሰቦች በዓል የሚቆሙትን ጎጆዎች እንመልከት። ሣራቸው ትናንት የታጨደ፥ ምድጃቸው እሳት ያልነካው ነው። ማንም አልኖረባቸውም። የካፋ ሰው ኖሮበታል የሚያሰኘው ያ የጠቆረ ወጋግራና በእጅ ብዛት የለሰለሰው መቃን ነው፤ እሱን አጥበን ብናቀርብ የምናከብረው ሣሩን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ይሁን እንጂ ጓደኛችን ስላለው ነገር፥ ከሞዴሉ አጠገብ የሚቆመውን ጽሑፍ እሱ ራሱ እንዲጽፈው ጠይቀነዋል፤ እሺም እምቢም አላለንም።

ስለ ዕቃው ብዙ አንጠይቅም። ለምሰሶና ለቋሚ ከአናጢ ቤት የሚጣለው የወንዛ ቁራጭ ይበቃል፤ ለወጋግራና ለማገር ቀርከሃ እንሰነጥቃለን። ሰንበሌጥ በዚህ ስኬል ሲታይ ቀርከሃ አክሎ ስለሚታይ፥ ለክዳኑ የእንሰት ቃጫ በሻይ ነክረን ሞክረናል፤ አምሮልናል። ከክበቡ የምንፈልገው የመኪና መሳፈሪያና አንድ ረዥም መሰላል ነው። ምሰሶው ከጉልላቱ ሥር ከወጋግራው ጋር የሚታሰርበት ቦታ በጥላሸት ስለ ተሸፈነ፥ ሐረጉ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ከታች ሆነን ልንቆጥር አልቻልንም። አሮጊቲቱም ቆርቆሮው የሚመጣው ለመስቀል ነው ብለውናል።