ትል ባያችሁ ቁጥር አትርጩ!

የግንደወይን አርሶ አደሮች፣ «ከሸረሪት ሆድ ትል ወጣ፣ ምን እንርጭ?» ትሉኛላችሁ። ምንም! የዝንብ ወይም የተርብ ልጅ ነው። ዝንቡ ጀርባው የጎበጠ፣ ጭንቅላቱ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ በቆሎም ጤፍም አይነካም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ተምችንም ከውስጥ የሚበሉ ዝንብና ተርብ አሉ፤ እኛ ግን «ጎረቤቴ ረጭቷል» ብለን ሳናይ እየረጨን እንፈጃቸዋለን። (እኛ ባለሙያዎችም «ርጩ» ማለት ይቀናናል፣ አልክድም።) መጤው ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገባ። ብዙም ሳይቆይ በተደረገ ጥናት፣ ኮቴሲያ የምትባል ትንሽ ተርብ ከመቶ ተምች ከ34 እስከ 45 የሚሆነውን ይዛ ተገኘች። ማን መድኃኒት ገዛላት?

እስቲ ማለዳ የበቆሎውን መሃል ቅጠል ገልጣችሁ እዩ። ተምቹ ጀርባ ላይ እንደ ነጭ ጤፍ ፍሬ የተለጠፈ ካለ የዝንብ እንቁላል ነው። አጠገቡ ሩዝ የምታክል ነጭ የድር ጥቅልል ካለች የተርቧ ናት። እነዚህን ተዉአቸው። ጤነኛውን ተምች በእጅ እየለቀማችሁ ጨፍልቁት። ማሳው ከተወረረ ግን ከመርጨታችሁ በፊት ደውሉልኝ፤ መጥቼ አብረን እንቆጥራለን።