ጠላቂ ዋናተኛ የመተንፈሻ ቱቦውን ወዴት ይያዝ?

ከባሕር በታች ያለውን ፍጥረት ጠልቆ ማየት በቀድሞ ዘመን የዕንቍ ፈላጊዎችና የመርከብ ወታደሮች ሥራ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ አብረው የሚማሩት የዕረፍት ቀን መደሰቻ ሆኗል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም፣ በኤላት፣ በጅዳና በዱባይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በባሕር ዳር ነው። ስለዚህ ከልጆቹ አንዱ አየር የተሞላ ሲሊንደር አዝዬ ልጥለቅ ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ወላጆቹ ደንግጠው ዝም ከማለት ይልቅ ስለ ዕቃው ጥቂት ቢያውቁ ይሻላል።

ከጠላቂው ዕቃዎች ሁሉ ርካሹና ትንሹ፣ ክርክሩ ግን የማያልቀው፣ ስኖርክል የሚባለው የመተንፈሻ ቱቦ ነው። አንዱ ጫፉ በአፍ ተነክሶ ሌላው ጫፉ ከራስ በላይ ቀጥ ብሎ፣ ፊቱን በውሃ ውስጥ አድርጎ ለሚዋኝ ሰው ከላይ አየር ያወርድለታል። ስሙ ጀርመንኛ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከውሃ በታች ሆነው ለሞተራቸው አየር የሚስቡበትን ረጅም ቱቦ መርከበኞቹ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ነገሩ ግን ስሙን እጅግ ይቀድማል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ዝሆን ጥልቅ ውሃ ሲሻገር ኩምቢውን ወደ ላይ አንሥቶ መተንፈሱን ጠላቂዎች አየር ከሚስቡበት መሣሪያ ጋራ አመሳስሎ ጽፏል።

ቱቦው ከ40 ሴንቲሜትር ያህል የማይበልጠው ስለ ምንድን ነው? ልጆች ይህን መጠየቃቸው አይቀርም፤ ደፋሩም የአትክልት ማጠጫ ጎማ አምጥቶ ሦስት ሜትር ልውረድበት ይላል። ይህ እጅግ አደገኛ ስለ ሆነ ምክንያቱን ልናስረዳ እንወዳለን። ውሃ ከባድ ነውና ሰው ወደ ታች በወረደ መጠን ደረቱን ከየአቅጣጫው ይጫነዋል፤ ከላይ በቱቦ የሚመጣው አየር ግን ያን ጫና የሚመልስ ኃይል የለውም። አንድ ሜትር ያህል ብቻ ቢወርድ እንኳ የደረቱ ጡንቻ ጎድኑን ማንሣት ይቸግረዋል፤ ከዚያ በታችም ሳንባው ሊጎዳ ይችላል። ዳግመኛም ቱቦው የረዘመ እንደ ሆነ ያስተነፈሰው የተቃጠለ አየር ሳይወጣ በውስጡ ይቀራልና፣ ያንኑ መልሶ እየሳበ ራሱን ሊስት ይችላል። የሲሊንደሩ ብልጫ በዚህ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ፈረንሳዮቹ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የሠሩት መሣሪያ አየሩን በውሃው ጫና ልክ አድርጎ ለአፍ ይሰጣል።

እንግዲህ አየር አዝሎ የሚወርድ ሰው ቱቦ ምን ያደርግለታል? የሚቃወሙት ሰዎች ሒሳባቸው ትክክል ነው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ቢሞላ 2400 ሊትር አየር ይኖረዋል። አንድ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል ብንል፣ በ20 ሜትር ጥልቀት ጫናው ሦስት እጥፍ ስለሚሆን 60 ሊትር ያወጣል። ሲወጣ 50 ባር ይቀር ዘንድ የብዙ አስተማሪዎች ደንብ ነውና፣ ያ ቀሪ 600 ሊትር በውሃው ፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስተነፍሰዋል። ደንቡን የጠበቀ ሰው ቱቦ አያስፈልገውም ማለታቸው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ሁሉ ሰው ሁልጊዜ ደንቡን አይጠብቅም። የተደናገጠ ሰው ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ከሞገድ ጋራ የታገለም እንዲሁ። የጠላቂዎችን አደጋ የመረመሩ ሊቃውንት የአየር ማለቅ ከዋነኞቹ መነሻዎች አንዱ መሆኑን፣ ብዙዎችም የሚቸገሩት ከሥር ሳይሆን ወደ ላይ ከወጡ በኋላ መሆኑን ገልጸዋል። ጀልባው ርቆ፣ ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ፣ ትንንሽ ማዕበል አፉን እየመታው የሚጠብቅ ሰው ያን ጊዜ የቱቦውን ዋጋ ያውቃል።

ከጀልባ ሳይሆን ከባሕር ዳር በእግር የሚገቡበትም ቦታ አለ። በኤላትና በግብጽ ዳሃብ ብዙው ጥልቀት የሚጀመረው እንዲህ ነው። ጠላቂው እስከ ኮራሉ ጫፍ ድረስ በውሃው ፊት ላይ ሲዋኝ በቱቦ የተነፈሰ እንደ ሆነ የሲሊንደሩን አየር ለታች ያቆያል፤ ፊቱም ወደ ታች ስለ ሆነ መንገዱንና ከሥሩ ያለውን ጓደኛውን ያያል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ቱቦ ያልያዘውን ሰው ሰነፍ ብንለው አናጠፋም።

ቱቦው የሚጎዳበትም ቦታ አለ። በፖርት ሱዳን አቅራቢያ፣ በዊንጌት ኮራል አጠገብ፣ ኡምብሪያ የምትባል የኢጣልያ መርከብ ሰጥማ ትገኛለች። በአውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ 1940 ዓ.ም. ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ በገባች ጊዜ እንግሊዞች እንዳይማርኳት የገዛ አዛዥዋ አሰጠማት። ጭነቷ ኢጣልያ በምሥራቅ አፍሪካ ለያዘችው ግዛት የተላከ እጅግ ብዙ ቦምብ ነበር፤ አገራችን ያን ጊዜ በጠላት እጅ ነበረችና ያ ቦምብ በማን ላይ ሊወድቅ እንደ ነበር ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። ቦምቡም ሦስት ፊያት መኪናዎችም ከሆዷ ውስጥ ስለ ቀሩ ጠላቂዎች ሊያዩአቸው ይሄዳሉ። እንዲህ ባለ ጠባብና ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን በጭምብሉ ማሰሪያ ላይ የቆመ ቱቦ በሽቦና በገመድ ይያዛል፤ ጭምብሉንም ስቦ ያወልቃል። በዋሻ የሚጠልቁ ባለሙያዎች መመለሻቸውን በገመድ የሚያውቁ ስለ ሆኑ ቱቦ ከቶ አያደርጉም። ረጅም ጠጉር ያላቸው ሴቶችም ማሰሪያው ጠጉራቸውን እንደሚጎነጉንባቸው ይናገራሉ፤ ይህን ወንዶች አስተማሪዎች ቶሎ አያስተውሉትም።

እኛ የምንፈርደው እንዲህ ነው። ጀማሪ ተማሪ አስተማሪው እንዳዘዘው ቱቦውን በጭምብሉ ላይ በግራ በኩል ያድርግ፤ በግራ መሆኑ የሲሊንደሩ መተንፈሻ በቀኝ ትከሻ በኩል ስለሚመጣ ነው። ትምህርቱን የፈጸመ ሰው ተጣጣፊውን ዓይነት ገዝቶ በሰደርያው ኪስ ይክተት፤ በላይ ሲፈልገው ያወጣዋል፣ በታች አያስቸግረውም። ወደ ሰጠመ መርከብ ወይም ወደ ዋሻ የሚገባ ግን በጭምብሉ ላይ አንዳች ነገር አያንጠልጥል። ማዕበሉ ከፍ ብሎ የሚሰበር የሆነ እንደ ሆነ ቱቦው ውሃ ይሞላልና፣ ለዚያ ቀን የቀረው የሲሊንደር አየር ይበልጣል።

ወላጆች ልጃቸውን የሚጠይቁት ታዲያ ቱቦ ይዘሃልን ብቻ አይሁን። ሰደርያህን በአፍህ መንፋት ትችላለህን? የእርሳስ ክብደትህን በአንድ እጅ ፈትተህ መጣል ተምረሃልን? ጀልባው እንዲያይህ የሚነፋ ብርቱካናማ ምልክትና ፊሽካ አለህን? ብለው ይጠይቁት። ከቱቦው ይልቅ ብዙ ነፍስ የሚያድኑት እነዚህ ናቸው፤ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰው በማንኛውም መንገድ ይተነፍሳል፣ እርሳሱን ታጥቆ የሚሰጥም ግን ቱቦው አይረዳውም።

በገበያ ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ጭምብል ከነቱቦው ይሸጣል፤ እርሱ በውሃ ፊት ላይ ለመዋኘት እንጂ ከሲሊንደር ጋራ ለመጥለቅ አልተሠራምና ለልጅ ስጦታ የሚገዛ ሰው ይህን ይለይ። ተራውን ቱቦ ሲገዛም አፍ የሚነክሰው ጎማ ለስላሳና በጥርሱ ልክ መሆኑን ይሞክር፤ ጠንካራው ከግማሽ ሰዓት በኋላ መንጋጋ ያሳምማል። ከባሕር ሲወጣ ጨው በሌለው ውሃ ታጥቦ በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ ጎማውን ያሰነጣጥቀዋልና።